መንገድ 40 ከወላጆች ጋር፦ ከቤርሼቫ እስከ ትልቁ ሙቀጫ

  ዛሬ ስለ አንድ መንገድ ነው የማወራችሁ፤ ክቪሽ አርባዒም፣ መንገድ ቁጥር 40። ብዙዎቻችሁ «እሱንማ በደንብ ነው የማውቀው» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ ታውቁታላችሁ፤ ግን እሁድ ጠዋት በወታደር ልብስ፣ ቦርሳ ጭናችሁ ላይ፣ ራሳችሁ የአውቶቡሱን መስኮት እየመታ ነው የምታውቁት። ወይ ደግሞ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሙዚቃ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ኤላት ስትበሩ። በሁለቱም ጊዜ መንገዱን አላያችሁትም፣ አልፋችሁበታል እንጂ።

እኔ የማወራው ሌላ ጉዞ ነው። እናትን፣ አባትን፣ አያትን መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ መሄድ። ከእናንተ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ሁልጊዜ ይሄ ነው፦ «ወላጆቼን ቲዩል ልውሰዳቸው ስላቸው እምቢ ይላሉ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ሲግድ ካልሆነ ከቤት አይወጡም። ምን ላድርግ?» ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለኝም። ግን አንድ መንገድ አለኝ። እሱን በየማቆሚያው ልንገራችሁ፤ የቱ ጋ መቆም እንደሚሻል፣ የቱን ማለፍ እንደሚሻል።

ከመነሳታችን በፊት ግን አንድ ነገር። ኔጌቭ ምድረ በዳ ነው። ለእኛ እዚህ ለተወለድነው ምድረ በዳ ማለት ፎቶ ነው፣ ኮከብ ነው፣ ቡና በእሳት ላይ ነው። ለእነሱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል የመጡት በሌሊት በእግር ተጉዘዋል፣ ውኃ ያለቀባቸው ነበሩ፣ በመንገድና በሱዳን ካምፖች ወደ 4000 የሚጠጉ ሰዎቻችን አልቀዋል። በሀር ሄርጸል መታሰቢያው ላይ ስሞቹን አይታችኋል። እንግዲህ አንዲት እናት «ምድረ በዳ ለሽርሽር? ምን ጎድሎብኝ?» ብትል ስንፍና አይደለም፤ ስለዚህ በድንገት አታስደንቋቸው። «ሰርፕራይዝ» የሚባለውን ለልደት አቆዩት። ወዴት እንደምትሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ መኪናው ውስጥ ስንት ጠርሙስ ውኃ እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የውኃውን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። እኔ አክስቴን ስወስድ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ውኃ ስንት ነው?» ብላ ነው፤ የመኪናውን ኋላ ከፍታ ቆጥራ ካየች በኋላ ነው የተቀመጠችው።

መቼ ነው የሚወጣው? ከኖቬምበር እስከ ማርች ጥሩ ነው። ጁላይና ኦገስት እኩለ ቀን ላይ አዛውንት ይዞ መውጣት አይታሰብም። በክረምት ደግሞ ሚጽፔ ራሞን ከባሕር ወለል በላይ ከ800 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ ያዙ፤ ያሾፈባችሁ ሰው ማታ ላይ ተበደሩኝ ይላችኋል። ሰንበት ለሚያከብሩ ወላጆች ቅዳሜ አይሆንም፤ ዓርብ ቀኑ አጭር ነው፣ የተፈጥሮና የብሔራዊ ፓርኮቹም ዓርብ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሖል ሃሞኤድ ላይ ሰዉ ይበዛል፤ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ የእኛ ሽማግሌዎች የሰው ቤት ምግብ እንደማይነኩ ታውቃላችሁ፣ ቂጣውን ከቤት ጭናችሁ ነው የምትሄዱት። የሚሻለው ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ መውጣት ነው። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ለኤላት ግን ፈቃድ ትወስዳላችሁ አይደል?

እሺ፣ እንነሳ። መንገድ 40 ባጠቃላይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአገሪቱ ከመንገድ 90 ቀጥሎ ረጅሙ። ከመሃል አገር ተነስቶ በሎድና በራምላ፣ በቂርያት ማላኪ፣ በቂርያት ጋት አድርጎ ቤርሼቫ ይደርሳል። የማኅበረሰባችን ሰው በብዛት የሚኖርባቸውን ከተሞች ነክቶ ነው የሚያልፈው ማለት ነው። ውበቱ ግን የሚጀምረው ከቤርሼቫ በታች ነው። እስከዚያ ድረስ ፋብሪካና የመኪና ጭንቅንቅ ነው፤ ተኙበት።

ከቤርሼቫ ወጥታችሁ ትንሽ እንደሄዳችሁ ሜዳው ይከፈታል። የበደዊን መንደሮች፣ በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች፣ ፍየልና ግመል ታያላችሁ። እኛ ወጣቶቹ ስልካችን ላይ እናፈጣለን፤ እነሱ ግን መንጋውን ነው የሚያዩት። «ይቺ ፍየል ከስታለች»፣ «እረኛው ልጅ ነው፣ ትምህርት ቤት የለውም እንዴ?» ይባላል። ጉዞው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉት። ግመል መንገድ ላይ ይገባልና በተለይ ሲመሽ ፍጥነት ቀንሱ። ግመልን በመኪና መግጨት የዋዛ አይደለም፤ እግሩ ረጅም ስለሆነ አካሉ በመስተዋቱ በኩል ነው የሚገባው።

ልጆች ካሏችሁ የመጀመሪያው ማቆሚያ ፓርክ ጎልዳ ይሁን። ከማሽአቢም መገናኛ ትንሽ ወደ ሬቪቪም አቅጣጫ ወጣ ይላል። ኩሬ፣ የቴምር ዛፎች፣ ጥላና ጠረጴዛ አለው፤ ለቁርስ ይበቃል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ከዚያ ወደ ደቡብ በግል የተያዙ ትንንሽ እርሻዎች አሉ፤ የፍየል አይብ የሚሠሩ፣ ወይን የሚጠምቁ። ካሽሩት ለሚጠብቁ ወላጆች አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አክስቴ የአይቡን ዋጋ ስትሰማ «በዚህ ገንዘብ ፍየሏን ራሷን አይሸጡልንም?» አለች። ሻጩ ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ ጣፋጭ ነው አለች ብዬ አለፍኩ።

አሁን ወደ ዋናው ማቆሚያ እንምጣ። ከቤርሼቫ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ስዴ ቦከር ይገኛል። ኪቡጹ በ1952 ነው የተመሠረተው። ዳቪድ ቤንጉርዮን በ1953 መጨረሻ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወርዶ እዚህ መጣ፤ በኋላ ወደ መንግሥት ተመልሶ ነበር፣ በ1963 ግን ጨርሶ ለቀቀና እዚሁ ኖረ። የኖረባት ትንሽ የእንጨት ቤት አሁን ሙዚየም ናት። የአገር መሪ ቤት ብላችሁ ስትገቡ ትገረማላችሁ፤ ብዙ መጽሐፍ፣ ጠባብ አልጋ፣ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የጋንዲ ፎቶ። ይሄ ሰው እዚህ ሲመጣ የተመደበው በጎች ዘንድ ነበር። ለእኛ ወጣቶች ይሄ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ወሬ ነው። ለወላጆቻችን ግን ሌላ ጨዋታ ይከፍታል፦ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ዱላ ይዞ በግ ሲጠብቅ! እዚህ አገር ሲመጡ «ምን ትሠራ ነበር?» ተብለው «ገበሬ፣ እረኛ» ብለው መልሰው አንገታቸውን የደፉ ሰዎች አሉ። እስኪ እዚያች ቤት ውስጥ ይሄን ንገሯቸውና ፊታቸውን እዩት።

ከቤቷ ወደ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሚድሬሸት ቤንጉርዮን ውስጥ የእሱና የባለቤቱ የፓውላ መቃብር አለ። መግቢያው በነፃ ነው። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ምርኩዝ ለያዘም በዊልቸር ለሚሄድም ይመቻል፤ ዛፍና መቀመጫ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። እነዚህን ትንንሽ ነገሮች የምደጋግመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዛውንት ጋር ስትጓዙ የአንድ ቦታ ውበት የሚለካው በመጀመሪያ በጥላው፣ በመቀመጫውና በሽንት ቤቱ ነው፤ ገደሉና ሸለቆው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በመቃብሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡላቸው። «የመንግሥት መሥራች» ምናምን አይልም። ስሙ አለ፣ የተወለደበት 1886፣ የሞተበት 1973 አለ፣ በመሃል ደግሞ አንድ ሌላ ዓመት አለ፦ ወደ አገሩ የገባበት 1906። የዕድሜውን ታሪክ በሦስት ቀን ብቻ ጨርሶ፣ አንዱን ለዓሊያው ሰጠው። የእኛም ሰው እኮ እንደዚሁ ነው የሚቆጥረው። «እኔ የ84 ነኝ»፣ «እሱ የሰለሞን ነው፣ በ91 ነው የገባ»። የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ፣ ኤርፖርት ላይ የጃንዋሪ 1 ልደት የተሰጣቸው ሁሉ፣ የገቡበትን ቀን ግን አይረሱም። እዚያ መቃብር ፊት ቆማችሁ «እናንተስ የገባችሁበት ቀን እንዴት ነበር?» ብትሉ ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይመስልም። ቦታው ራሱ ይጠይቅላችኋል።

እዚያው መቃብሩ አጠገብ ከገደሉ ጫፍ የነሐል ጺን ሸለቆ ወለል ብሎ ይታያል። ዛፉ ሥር ደግሞ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የታጠፈ የዱር ፍየሎች ሰው ሳይፈሩ ይግጣሉ። በዕብራይስጥ ያዔል ነው። ከስሜን የመጡ ወላጆች ካሏችሁ ግን ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ስሙን እነሱ ናቸው የሚነግሯችሁ። «ዋልያ!» ይላሉ። እውነትም የቅርብ ዘመድ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው ስሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ይሄኛው የኑብያ ዝርያ ነው፣ ሰውነቱ አነስ፣ ቀለሙ ፈካ ይላል። ግን ገደል ላይ አቆሙ፣ ጺሙ፣ ወንዱ ቀንዱን ሲያጋጭ ያለው ድምፅ ያው ነው። ዳቦ አትስጧቸው፣ ክልክል ነው፣ ያማቸዋልም። እናታችሁ «ምስኪን» ብላ ከኪሷ ስታወጣ በጊዜ ያዟት።

ከዚህ በታች ኤን አቭዳት አለ፤ በነጭ ገደል መሃል የሚወርድ ውኃ፣ ፏፏቴ፣ ጻፍጻፋት ሃፕራት የሚባሉ ዛፎች፣ ከላይ ጥንብ አንሳ የሚያንዣብብበት ቦታ። በገደሉ ላይ በቢዛንታይን ዘመን መነኮሳት የኖሩባቸው ዋሻዎች አሉ። ቆንጆ ነው፣ ግን ልብ በሉ፦ ሁለት መግቢያ አለው። ከታችኛው መግቢያ ገብቶ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ በደረጃና በመሰላል ነው፣ ደግሞም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አንዴ ከወጣችሁ መመለስ አይፈቀድም። ጉልበቷ የሚያማትን አያት ይዞ ይሄን መጀመር ጭካኔ ነው። ከአዛውንት ጋር ከታች ገብታችሁ እስከ ውኃው ድረስ ሄዳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። መንገዱ ድንጋይ አለበት፣ ክንድ ይያዝ። እሱም ከከበደ ከላይኛው መግቢያ ቁልቁል ማየት ይቻላል። ውኃው ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ወጣቶቹ መውጣት ከፈለጋችሁ አንዱ ሾፌር ይሁንና ሽማግሌዎቹን ይዞ ላይኛው መግቢያ ይጠብቅ። ፓርኮቹ አንዳንድ ጊዜ በቅድሚያ መመዝገብ ይጠይቃሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ።

ቀጥሎ አቭዳት። ከመንገዱ ላይ በግራ በኩል ኮረብታ ላይ ፍርስራሹ ይታያል። ብዙ ሰው «ድንጋይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ይሄን መንገድ ያለ አቭዳት አልሄድም። ናባታውያን የሚባሉ ነጋዴዎች ያቋቋሙት ማረፊያ ነበር፤ በግመል ጭነው ከፔትራ ወደ ጋዛ ወደብ ሲሻገሩ እዚህ ያድሩ ነበር። የሚጭኑት ምን ነበር? ዕጣን። ከደቡብ ዓረቢያና ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ ዕጣንና ከርቤ። በ2005 ዩኔስኮ አቭዳትን ከማምሺት፣ ከሃሉጻና ከሺቭታ ጋር በዕጣን መንገድ ስም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አሁን አስቡት። እናታችሁ ቡና ስታፈላ ከፍም ላይ የምትጥለው ያው ነገር ነው። የዕጣን ዛፍ በመተማ፣ በቋራ፣ በትግራይ ቆላ ይበቅላል፤ ከወላጆቻችን መካከል ዛፉን በዓይናቸው ያዩ፣ ሙጫው እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቁ አሉ። እዚያ ያለው ሰሌዳ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ስለ ዕጣን ይተርካል፤ አጠገባችሁ የቆመችው ሴትዮ ደግሞ ከሰሌዳው በላይ ታውቃለች። ትንሽ ዕጣን በወረቀት ጠቅልላችሁ ብትወስዱና እዚያ ብታሸቱት ለልጆች ከሰሌዳው ይሻላቸዋል። ማጨስ ግን በፓርኩ ውስጥ አይሆንም፣ እሳት ነው።

ሁለተኛው ነገር እርሻው ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ጎንደር ከ1000 በላይ ያገኛል። ታዲያ እነዚያ ሰዎች እንዴት አረሱ? ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ በትንንሽ ቦይ እየመሩ፣ ሸለቆው ውስጥ በድንጋይ እርከን እየገደቡ። ሰፊው ኮረብታ የሚሰበስበውን ዝናብ ትንሹ ማሳ ይጠጣዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሚካኤል ኤቨናሪ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እዚሁ አቭዳት ሥር የጥንቱን እርሻ አድሶ፣ ያለ መስኖ ቧንቧ በጎርፍ ብቻ ፍራፍሬና እህል አበቀለ። ከኮረብታው ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ እርሻው ይታያል። አባታችሁ ገበሬ ከነበረ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስለ እርከን፣ ድንጋዩ በየት በኩል መደርደር እንዳለበት፣ ውኃው ሲበረታ የት እንደሚያስተነፍሱት እሱ ይንገራችሁ። እኔ እዚያ ቦታ ያየሁት ሽማግሌ፣ የማን አባት እንደሆነ አላውቅም፣ ለልጁ ልጆች በከዘራው አፈሩ ላይ እየሳለ ያስረዳ ነበር፤ ልጆቹ ዕብራይስጥ፣ እሱ አማርኛ፣ በመሃል ያለው ሥዕል ግን ለሁለቱም ገብቷቸዋል። በመኪና ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ስላለ ዳገቱ አያስፈራችሁ። ጥላ ግን ጥቂት ነው፣ ባርኔጣ ያስፈልጋል።

ከአቭዳት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሚጽፔ ራሞን ትደርሳላችሁ። ከተማዋ የተጀመረችው በ1951 ወደ ኤላት የሚወስደውን ይህንኑ መንገድ ለሚሠሩ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው። በ1960ዎቹ በዓረባ በኩል ያለው መንገድ 90 ሲከፈት ኤላት የሚሄደው መኪና ሁሉ ወደዚያ ዞረ፣ እሷ ጫፍ ላይ ቀረች። የዓያራት ፒቱአሕ ልጅ የሆነ ሰው ይሄን ታሪክ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባዋል። ዛሬ ቱሪስቱ ተመልሷል፣ ውድ ሆቴልም አለ፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን ያው እኛ የምናውቀው ባለ አራት ፎቅ ሺኩን ነው፣ ልብሱ መስኮት ላይ ተሰጥቶ፣ ከሥሩ ዋልያው፣ ይቅርታ ያዔሉ፣ እየተራመደ።

ከከተማዋ ጫፍ ላይ ምድሩ ይቆረጣል። ማኽቴሽ ራሞን። 40 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከ2 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት፣ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት። ብዙ ሰው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የሠራው ይመስለዋል፤ አይደለም። እሳተ ገሞራም አልቆፈረውም። ከላይ ያለው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ሲሰነጠቅና ሲበላ ከሥር ያለውን ልል አሸዋማ ድንጋይ ውኃ ጠርጎ ጠርጎ፣ በአንድ ወንዝ በር በኩል አውጥቶት ነው። ስሙን ለወላጆቻችሁ ተርጉሙላቸው፤ ማኽቴሽ ማለት ሙቀጫ ነው። ገደሉን ለሳይንስ ሰው ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፣ ቡና ለወቀጠች ሴት ግን አንድ ቃል ይበቃል። «ዘነዘናውስ የት አለ?» ብላ ያሳቀችን ነበረች።

እዚህ የት ይቆማል? የጎብኚዎች ማዕከሉ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ለኢላን ራሞን መታሰቢያ ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2003 ኮሎምቢያ መንኮራኩር ስትመለስ ተቃጥላ የሞተው ነው፤ ልጁ አሳፍም በ2009 በጦር አውሮፕላን ላይ እያለ ሞቷል። ልጅ የቀበሩ ወላጆች ከእናንተ ጋር ካሉ ይሄን አስባችሁ ግቡ። ከፍታ ለሚያዞራቸው ደግሞ ሀር ጋማል፣ የግመል ቅርጽ ያለው ኮረብታ፣ ይሻላል፤ ከመኪናው ብዙም ሳትርቁ ሁሉንም ታያላችሁ። የአልፓካ እርሻ የሚባልም አለ፣ ልጆች ይወዱታል፤ እኔ ገንዘቤን ለምሳ ባውለው እመርጣለሁ።

ከዚያ መንገዱ ራሱ ገደሉን ይወርዳል፣ ማዓሌ ሃዐጽማኡት በሚባለው ጥምዝምዝ። ይሄን ከአዛውንት ጋር ስትወርዱ ዝግ በሉ፣ ከሊማሊሞ የመጣ ሰው ግን «ይሄ ምኑ ገደል ነው?» ማለቱ አይቀርም። ታች ትንሽ እንደሄዳችሁ ሃሚንሳራ አለ፤ «አናጢ ቤቱ» እንደ ማለት ነው። ከሥር የወጣ ቅልጥ ዓለት አሸዋማውን ድንጋይ አግሎት፣ ሲቀዘቅዝ በመጋዝ እንደተቆረጠ እንጨት እየተሰነጣጠቀ ተከምሯል። በእንጨት የተነጠፈ አጭር መሄጃ አለው። ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ ጉዞው እዚህ ላይ ይብቃ። ወደ ኤን ሳሃሮኒም የሚወስደው ኮረኮንች ነው፣ ለሌላ ቀን ይሁን። ማደር ከፈለጋችሁ በሙቀጫው ውስጥ በኤሮት የሚባል የድንኳን ሰፈር አለ፤ አካባቢው ከ2017 ጀምሮ ሰማዩ ከመብራት የተጠበቀ ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና አግኝቷል።

ስለ ሌሊቱ አንድ ነገር ልበል። ጨለማ ምድረ በዳ ላይ፣ ኮከብ ከላይ ሞልቶ፣ እናታችሁ ዝም ልትል ትችላለች። ያን ዓይነት ሰማይ ያየችው በሌላ ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል። ከተናገረች ስሙ፣ አታቋርጡ፣ ስልክ አውጥታችሁ ለመቅረጽ አትሩጡ። መቅረጽ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ «አንቱ ፈቃድዎ ከሆነ» ብላችሁ። እምቢ ካለች እምቢ ነው። ካልተናገረችም እሺ፣ ሻይ ቅዱላት። መኪናው ውስጥ እቆያለሁ ያለችም ትቆይ፣ መስኮቱን ክፈቱላት፣ ብቻዋን ግን አትተዋት። ቲዩሉ ፈተና አይደለም፣ ሁሉንም ማቆሚያ ያልጨረሰ አይወድቅም።

ከራሞን በታች ወደ ሺዛፎን መገናኛና ወደ ኬቱራ ያለው መንገድ ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። ረጅም፣ ባዶ፣ በየደረቁ ወንዝ ውስጥ ግራር የቆመበት። ሺዛፎን ያገለገላችሁ አቧራውን ታስታውሳላችሁ። መገናኛው ላይ የኔኦት ስማዳር ፉንዳቅ አለ፣ አይስክሬሙ ጥሩ ነው። ከሚጽፔ ራሞን እስከ ኤላት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዛውንት ጋር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አትሞክሩት።

አሁን ጥንቃቄውን በአጭሩ። ቤንዚን ሚጽፔ ራሞን ላይ ሳትሞሉ ወደ ታች አትውረዱ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብዙው የጦር ሠራዊት መተኮሻ ነው፣ ምልክት ካለው መሄጃ አትውጡ። አንዳንድ ቦታ ስልክ አይሠራም፣ ስለዚህ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ። ድንገተኛ ሲሆን ማዳ 101፣ ፖሊስ 100 ነው። ከሁሉ በላይ ደራሽ ጎርፍ። እናንተ የቆማችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ዝናቡ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ዘንቦ ውኃው በወንዙ ይመጣል። በኤፕሪል 2018 ነሐል ጻፊት ላይ አሥር ወጣቶች የሞቱት እንዲህ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ካለ ሸለቆ ውስጥ መግባት የለም፣ ውኃ የሸፈነውን መንገድም በመኪና መሻገር የለም። ይሄን ደግሞ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ተከዜ ወይ አንገረብ ሲሞላ ማዶ ለማዶ ሆኖ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ውኃው ይለፍ» ካሏችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ከቤርሼቫ ጠዋት 8 ሰዓት ብትነሱ፣ ስዴ ቦከርና መቃብሩ፣ ከዚያ አቭዳት፣ ምሳ ሚጽፔ፣ ሙቀጫውን አይታችሁ ሳይጨልም ትመለሳላችሁ። አራት ማቆሚያ ነው፤ አምስተኛ አትጨምሩ። ሄዳችሁ ከመጣችሁ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በተለይ ያዔሉን ሲያዩ ምን እንዳሉ። ሰላም ሁኑ፣ ለሐይም።